የሞዴስ መዝገብ

የሥነ ተዋልዶው ምዕራፍ ሲደርስ የሚታመሙ የባዮሎጂ መምህራን አውቃለሁ። አንዱ ባልደረባዬ በየዓመቱ ጉንፋን የሚይዘው እዚያው ገጽ ላይ ነው፤ «ይህን በየቤታችሁ አንብቡት» ይልና በቀጥታ ወደ ዕፅዋት ይሻገራል። ተማሪዎቹም እንደታዘዙት ያነቡታል፤ ከመጽሐፉ ሁሉ በደንብ ያረጀው ገጽ እሱ ነው። እኔ አልታመምም። ሴት ነኝ፣ እናት ነኝ፣ የተማርኩትም ባዮሎጂ ነው። ስለዚህ ከዞን የመጣው ደብዳቤ በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነብቦ ሲያልቅ ሁሉም አንገቱን ያዞረው ወደ እኔ ነበር።

የማስተምረው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ደብዳቤው በአጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ በየትምህርት ቤቱ የወጣቶች ሥነ ተዋልዶ ጤና ክበብ ይቋቋም፣ ልጃገረዶች በወር አበባቸው ጊዜ የሚያርፉበት ክፍል ይዘጋጅ፣ ኃላፊ መምህር ይመደብ፣ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይላክ። ርዕሰ መምህሩ ቀና ብሎ «እንግዲህ ማን ይሁን?» ሲል፣ ከጎኔ የተቀመጡት ምክትል ርዕሰ መምህራችን እጄን ይዘው ወደ ላይ አነሡት። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ጸደቀ።

ስለ እኚህ ሴት አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ መምህሬ ነበሩ። አባቴ «ፊደል ከለየች ይበቃታል» ብሎ ከትምህርት ሊያስቀረኝ ሲል፣ በእግራቸው ሁለት ሰዓት ተጉዘው ቤታችን መጥተው፣ ደጃፍ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ ብለው፣ አባቴ እሺ እስኪል አልነሣም ያሉ ሴት ናቸው። መምህር የሆንኩት በእሳቸው ነው። እዚያው ትምህርት ቤት ስመደብም «ልጄ መጣች» እያሉ ለሰው ሁሉ አስተዋውቀውኛል። የሆነው ሁሉ ከሆነ በኋላ እንኳ ስማቸው ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ የደጃፍ ድንጋይ ነው፤ ይህም ያናድደኛል።

ሥልጠናውን ደብረ ማርቆስ ላይ አብረን ወሰድን። ሦስት ቀን ሙሉ አዳራሽ ተቀምጠን ማንዋሉን ገጽ በገጽ አነበብን፣ በቡድን ተወያየን፣ ትልቅ ወረቀት ላይ በማርከር ጻፍን። አሠልጣኟ «የተማሪን ምሥጢር መጠበቅ ሲባል ምን ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቅ ተነሥተው የመለሱት ምክትላችን ነበሩ። ጥሩ አድርገው መለሱ፤ ተጨበጨበላቸው። እኔም አጨበጨብኩ።

ስንመለስ የጠመኔና የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ የነበረችውን ጠባብ ክፍል ጠየቅሁ። ከክበቡ ልጆች ጋር ጠርገን፣ ኖራ ቀብተን፣ መጋረጃ ሰቅለን፣ ፍራሽና የውኃ ባልዲ አስገባንባት። አንድ ድርጅት ደግሞ በካርቶን ሞዴስ ላከልን። ጣጣው የመጣው ካርቶኑ በንብረት ክፍል በኩል በመግባቱ ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ለእሱ መጥረጊያም ሆነ ሞዴስ አንድ ነው።

«የመንግሥት ዕቃ ያለ ፊርማ አይወጣም» አለኝ።

«እኔ እፈርማለሁ።»

«አንቺማ ትፈርሚያለሽ። ተጠቃሚዋም መፈረም አለባት። ኦዲተር መጥቶ ለማን ተሰጠ ቢለኝ ምን ልበለው?»

ሳቅሁበት እንጂ አልተከራከርኩትም። በፊርማ እየኖርን ያደግን ሰዎች ነን፤ ያልተፈረመበት ነገር የተሠራ አይመስለንም። እንዲያውም ሐሳቡን ወደድኩት። ትልቅ መዝገብ አምጥቼ በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩት። በግራ በኩል ስምና ክፍል፣ ከዚያ ከመስከረም እስከ ሰኔ ለየወሩ አንድ አንድ ቤት። ልጅቷ ሞዴስ ስትወስድ በወሩ ቤት ውስጥ ቀኑን ጽፋ ትፈርማለች። የልጃገረዶቹን ሁሉ የወር አበባ ቀን በአንድ ገጽ ላይ እየሰበሰብኩ መሆኔን አላሰብኩትም። ያኔ የሚያስጨንቀኝ መስመሩ እንዳይጣመም ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልመጣም። ልጆቹን ሰብስቤ «ይህ መዝገብ ከእጄ አይወጣም፤ ከእኔና ከእናንተ በቀር የሚያየው ዓይን የለም» አልኳቸው። ስናገር ከልቤ ነው። በማግስቱ አንዲት ልጅ በሩን አንኳኳች።

አሥረኛ ክፍል ነበረች። ቤተሰቦቿ ከአምበር ወዲያ ያሉ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይታ ትማራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልታመጣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር ዓይን ለዓይን የምታይ ልጅ ናት። መዝገቡ ላይ መጀመሪያ የፈረመችው እሷ ስትሆን ሌሎቹ እሷን አይተው መጡ። ክፍል ውስጥም ሌላው አንገቱን ሲደፋ እጇን የምታወጣ እሷ ነበረች። አንድ ቀን «ቲቸር፣ የወር አበባ ቀን ቢዛባ በሽታ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወንዶቹ ከኋላ ሲያሽካኩ ዞራ አየቻቸው፣ ዝም አሉ። በእነሱ ዕድሜ መዛባቱ የተለመደ እንደሆነ፣ ጾምም ጭንቀትም ሊያዛባው እንደሚችል በዝርዝር አስረዳሁ። ከክፍል ስወጣ በራሴ ኮርቼ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ በክበቡ ሰዓት፣ ከጥጥ ጨርቅ የሚሰፋና ታጥቦ ተመልሶ የሚያገለግል ሞዴስ አሠራር አሳየኋቸው። ካርቶኑ አንድ ቀን ያልቃል፣ ድርጅትም ሁልጊዜ አይልክም ብዬ ነው። አብዛኞቹ ጣታቸውን በመርፌ እየወጉ ሲሳሳቁ እሷ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሰፍታ ጨረሰች፤ ስፌቷ የልብስ ሰፊ ነው የሚመስለው። የተረፈውን ጨርቅ ቤቷ ልትወስደው ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት።

ከጥር ጀምሮ በስሟ መስመር ላይ ፊርማ የለም። ጥር ባዶ፣ የካቲት ባዶ። ያየሁት መጋቢት አጋማሽ፣ ዐቢይ ጾም መሃል ላይ ነው። ይህን የሚያነብ ሰው «ጨርቁን ሰፍታ የለም እንዴ» ብሎ ቀድሞኝ ይሆናል። ይቅደመኝ። እኔ ያየሁት መዝገቡን እንጂ ልጅቱን አልነበረም፤ ክፍት ቤት አየሁና ልቤ ክፉ አሰበ። በአፌ የማስተምረውን በሆዴ አላመንኩትም ማለት ነው። ከስሟ አጠገብ በእርሳስ ትንሽ ጭረት አደረግሁ። ነገ ጠርቼ እጠይቃታለሁ አልኩ። ነገ የፈተና እርማት ነበር፣ ከነገ ወዲያ ስብሰባ። በየቀኑ ክፍል ውስጥ አያታለሁ፣ በየቀኑም አልጠየቅኋትም።

በዚያው ሰሞን ከወረዳ ሱፐርቪዥን መጣ። ምክትላችን ብቅ ብለው «ያን መዝገብሽን ስጪኝ እስቲ፣ ላሳያቸው» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ለልጆቹ የገባሁት ቃል ጠፍቶኝ አይደለም፤ ትዝ ብሎኛል። ግን እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው እምቢ ማለት ለእናቴ እምቢ ማለት ነበር። እውነቱን ካወጣሁት ደግሞ ያ ቀይ መስመር እንዲታይልኝ ፈልጌ ነበር። ታየልኝም፤ ሱፐርቫይዘሩ «ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ የሚሆን ሥራ ነው» ብሎ አስተያየት ጻፈ። ምክትላችን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። መዝገቡ እሳቸው ቢሮ ቀረ፣ እኔም መልሱልኝ አላልኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ እያስተማርኩ በመስኮት ስመለከት አንድ ገበሬ ምክትላችን ቢሮ ደጃፍ ቆሟል። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ጥቂት ቆይቶ ጥበቃው ወደ እኛ ክፍል መጣና የልጅቱን ስም ጠራ። «ሂጂ፣ ይፈልጉሻል» ያልኳት እኔ ነኝ። ደብተሯን ክፍት ትታ ወጣች። አልተመለሰችም።

ነገሩን የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ምክትላችን መዝገቡን ሲያገላብጡ ባዶዎቹን ቤቶች አይተዋል። እኔን ሳይጠይቁ፣ ልጅቱንም ሳይጠይቁ፣ ለአባትየው «በልጅዎ ጉዳይ በአስቸኳይ ይቅረቡ» የሚል ደብዳቤ ልከዋል። ሲመጣም ልጅዎ ሳታረግዝ አልቀረችም ብለው በልጅቱ ፊት ነግረውታል። ከዚያ አባት ከፊት፣ ምክትላችን ከጎኑ፣ ልጅቱ ከኋላ ሆነው ገበያውን መሃል ለመሃል አቋርጠው ጤና ጣቢያ ሄደዋል። የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ፊቱ ወደ መንገድ ነው። ውጤቱ እስኪነገር እዚያ ተቀምጣ፣ እህል ሊሸጥ የወጣ አገር ሁሉ አያት። ምርመራው ምንም እንደሌለባት አሳየ።

በሩን ሳላንኳኳ ቢሮአቸው ገባሁ።

«ለምን እኔን አልጠየቁኝም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። መዝገቡን ለሱፐርቪዥን ብለው ነው የወሰዱት።»

«ማንዋሉ አደጋ ላይ ያሉ ተማሪዎችን ለይታችሁ ለወላጅ አሳውቁ ይላል። አብረን አንብበነው የለም? እኔ ለልጅቱ ብዬ ነው። ቢሆንስ ኖሮ? ሆዷ ከገፋ በኋላ ብንሰማስ?»

«አልሆነም እኮ።»

«እሰየው፣ አለመሆኑ ታወቀ።» መዝገቡን ከመሳቢያ አውጥተው ገለጡና ጣታቸውን አሳረፉበት። «ይህን ጭረት ያደረገው ማነው? እኔ አይደለሁም። አንቺ ጠርጥረሻታል ብዬ፣ ያንቺን ዓይን አምኜ ነው የሄድኩት።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ እኔም እሱን እየደጋገምኩ ብዙ ቀን ስናደድ ከረምኩ። አባቴን ተቀምጠው የለመኑት ሴት እኚህ ናቸው ወይ፣ የሌላዋን ልጅ አባት ሲጠሩ ያ ቀን ትዝ አላላቸውም ወይ እያልኩ። ከድተውኛል፤ ዛሬም ከድተውኛል እላለሁ። ግን ከፈረሱ የወደቀችው እኔ አልነበርኩም፤ ልጅቱም ያመነችው እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነው።

ሰኞ የልጃገረዶቹን ማረፊያ ክፍል ስከፍት በሩ ሥር ያልተነካ የሞዴስ እሽግ ተቀምጦ አገኘሁ። ማን እንደመለሰችው አላወቅሁም። በዚያ ሳምንት የመጣች ልጅ የለችም፣ በሚቀጥለውም የለችም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ርዕሰ መምህሩ መዝገቡ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ትእዛዝ አወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት እስከ አምበር በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ ቤተሰቦቿ ሄድኩ። አባትየው ማሳ ወርዷል። እናትየዋ ግቢ ውስጥ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። መምህርቷ እንደሆንኩ ነገርኳትና ልጅቱን ፈልጌ እንደመጣሁ አስረዳኋት።

«አባቷ ደጀን ከተማ ልኳታል፣ አክስቷ ዘንድ» አለችኝ፤ ምስሩን መልቀም አላቆመችም። «ስፌቱን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«የሰፋችውን እያጠበች ከጓሮ ታሰጣለች፤ ከገና ወዲህ ሌላ አልያዘችም። የካርቶኑን ለምን ተውሽ ብላት፣ እኔ መስፋት እችላለሁ፣ ለማይችሉት ይድረስ ነው ያለችኝ።»

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ያስተማርኩትን ከሁሉም አብልጣ የተቀበለችኝ ልጅ ናት፤ የተቀበለችውም ነው ባዶ ቤት ሆኖ ያስጠረጠራት።

«ለእኔ ብትልኩብኝ ምን ነበረበት?» አለች እናትየዋ። «ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት ባለው እሑድ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ነው ያስቀደሰች። ለምን ከውጭ እንደቆመች ሴቱ ሁሉ ያውቃል። ወንዶቹ ከውስጥ ናቸው፣ ማን ውጭ እንደቀረ የት ያያሉ። እኔ ብጠየቅ አንድ ቃል ነበር እንጅ።»

እውነቷን ነው። በአገራችን በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከቅጥር ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ሥልጠናው ላይ ይህን ልማድ እያነሣን ብዙ ተከራክረናል። ያን ቀን ግን እናትየዋ መጥታ «ልጄ እሑድ ከውጭ ነበረች» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እያልን እናስተምራለን፤ ከሥሩ የምታውቀውን ሴት ግን ማንም አልጠራትም። የተማሪ ምዝገባ ቅጻችን ላይ የሚሞላው የአባት ስም ብቻ ነው።

አባትየው እኩለ ቀን ላይ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፣ አልጮኸም።

«ልጄ ንጹሕ ናት» አለኝ። «ጤና ጣቢያውም ብሏል፣ እኔም አውቃታለሁ። ወንድሞቼ ሴት ልጅ ከተማ ቤት ተከራይታ አትማርም ሲሉኝ ስንት ጊዜ መልሻቸዋለሁ። አሁን ምን ብዬ ልመልስላቸው? የሐኪሙን ወረቀት ማን ያነባል? ሰው ያየው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነው።»

ምሳ አቀረቡልኝ። አልበላም ማለት አልቻልኩም፣ እንዳይቀየሙኝ እየታገልኩ በላሁ።

ተመልሼ ርዕሰ መምህሩን ለመንኩት። በወላጆች ስብሰባ ላይ ቆመን ትምህርት ቤቱ ተሳስቷል እንበል፣ የልጅቱን ስም እናጥራ፣ ያኔ አባቷ ይመልሳታል አልኩት። «የሞተ ነገር አትቀስቅሺ፣ ይረሳል» አለኝ። ምክትላችን ከጎኑ ነበሩ፤ አንድ ቃል እንዲጨምሩልኝ አየኋቸው፣ ወረቀታቸውን አዩ። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ልጅቱ «ትምህርት ያቋረጡ» በሚለው ሥር ገባች፤ ምክንያት፦ የቤተሰብ ጉዳይ። ያሰመርኩት መዝገብ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች በናሙናነት ተላከ። ከግርጌው ስሜ አለበት።

ሐምሌ ላይ፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሳምንት፣ ደጀን ሄድኩ። የአክስቷ ሻይ ቤት ከአባይ በረሃ ሽቅብ የወጡ የጭነት መኪናዎች የሚቆሙበት መንገድ ዳር ነው። ሽርጥ ታጥቃ ብርጭቆ ታጥብ ነበር። ስታየኝ እጇን አደራርቃ መጣችና ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፣ ሻይ አመጣችልኝ።

«መስከረም ላይ ላስመዝግብሽ» አልኳት። «እኛ ጋ ካልፈለግሽ ደብረ ማርቆስ ሌላ ትምህርት ቤት አለ።»

«መሸኛ ይጠይቁኛል።»

«እኔ አስወጣልሻለሁ።»

«ለምን አቋረጠች ሲሉ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?»

አንድ ሹፌር ጠራት፣ ሄዳ ታዝዛው ተመለሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለችኝ። «ቢሮ ስገባ መዝገቡን ለአባቴ ሲያሳዩት አየሁ። ስሜ አጠገብ በእርሳስ ምልክት ነበረ። እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«በየቀኑ እንገናኝ ነበር እኮ። ለምን አልጠየቁኝም?»

እርማት ነበር፣ ስብሰባ ነበር ልላት አልቻልኩም። «አፍሬ ነው» አልኳት። ሌላ ምክንያት የለኝም። ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት የምናገረውን ለአንዲት ልጅ ለብቻዋ ማንሣት ከብዶኝ ነበር።

ራሷን ነቀነቀች፤ የገባት ይመስላል። ብርጭቆዬን እያነሣች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ታናሽ እህቴ መስከረም ላይ ዘጠነኛ ክፍል እናንተ ጋ ትገባለች» አለችኝ። «አባቴ እሺ ያለው ስንት ለምኜው ነው። የሚያስፈልጋትን እኔ ከዚህ ሰፍቼ እልክላታለሁ። እባክዎ ቲቸር፣ እርስዎ ምንም አይስጧት። ክበቡም ውስጥ አያስገቧት።»

«እሺ» አልኳት።

አሁን በስም ማስፈረም ትቻለሁ። ለንብረት ክፍሉ የወጣውን ብዛት ብቻ እጽፍለታለሁ፤ በየወሩ ይጨቃጨቀኛል፣ እኔም እጨቃጨቀዋለሁ። ከምክትላችን ጋር ሰላም እንባባላለን፤ «ልጄ» ማለታቸውን አልተዉም። መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ አዲስ የገቡትን ልጃገረዶች የማረፊያዋን ክፍል ላሳያቸው ከየክፍላቸው ጠራኋቸው። እህቷን ማንም ሳይነግረኝ በመልኳ ለየኋት። ሌሎቹ ሲነሡ እሷ ወደ ጥቁር ሰሌዳው እያየች ከወንበሯ አልተነቃነቀችም። አጠገቧ ያለችው ልጅ «ነይ እንጅ» ብላ ክንዷን ሳበቻት። «ተያት» አልኩና የቀሩትን ይዤ ወጣሁ።